አቶ ዘበነና ሰላምታ የተከለከለባት ደሴት

በየሰፈሩ አንድ ሁሉን አዋቂ አለ። እናንተም ሰፈር አለ፤ የለም ብላችሁ አታድክሙኝ። ስለ ጉልበታችሁ ስትነግሩት ከሐኪሙ ይበልጣል፣ ስለ መኪናችሁ ስትነግሩት ከመካኒኩ ይበልጣል፣ ስለ ልጃችሁ ጠባይ ካነሳችሁማ ከናንተ ከወላጆቹ ይበልጣል። የኛው ግን ከሁሉም ይለያሉ። በእስራኤል፣ በሐደራ ከተማ የነቬ ሐይም ሰፈር ነዋሪ የሆኑት ክቡር አቶ ዘበነ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱም ከመርከብ ወርደው ደሴት ላይ የሰፈሩ አይጦች፣ ድመቶች፣ አሳማዎችና ጥንቸሎች የደሴቱን ወፍ እንዴት አድርገው እንደጨረሱት ነው። ከየትኛውም ወሬ ተነስተው እዚያው ይደርሳሉ።

አምና ወገቤን አሞኝ እያነከስኩ ስመጣ አገኙኝ። "ምን ሆንሽ ልጄ?" አሉኝ። የምሠራው ኢንዱስትሪ ዞን፣ አንድ ማሸጊያ ቤት ውስጥ ነው። "ካርቶን አንስቼ ነው ጋሼ" ብዬ መለስኩ። ጥፋቴ ይኼ ነው።

"ካርቶን!" አሉ ዓይናቸው በርቶ። "ካርቶን ውስጥ ምን እንደሚጓዝ ታውቂያለሽ? በ1918 አውስትራሊያ አጠገብ፣ ሎርድ ሃው የምትባል ደሴት ላይ አንዲት መርከብ ተጎድታ ዳር ያዘች። ሰው ሲወርድ አይጡም አብሮ ወረደ። በጥቂት ዓመት ውስጥ አምስት ዓይነት ወፍ ከምድር ጠፋ። አምስት!" አምስቱንም ጣታቸውን ፊቴ ላይ ዘረጉት። "እና መጀመሪያ ማን አመጣው? እሱን ንገሪኝ።"

እኔ ወገቤን ይዤ ቆሜያለሁ። አይጡን እኔ አላመጣሁትም። ግን ሰውዬው እንደዚያ ሲያዩኝ፣ እውነቴን ነው፣ ያመጣሁት መሰለኝ።

"መጀመሪያ ማን አመጣው? እሱን ንገሪኝ" የአቶ ዘበነ ማኅተም ናት። ጎርፍ ቢመጣ፣ ሊፍት ቢቆም፣ የልጅ ልጅ ጉንፋን ቢይዘው ይቺኑ ይመቱባታል። በዚህ የተነሳ ከአውቶቡስ ወርጄ ቤቴ ለመግባት ሦስት መንገድ አውቃለሁ። አንደኛው አጭር ነው፤ አቶ ዘበነ በሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር አጠገብ ያልፋል። ሁለተኛው በጓሮ፣ በቆሻሻ ገንዳዎቹ በኩል ነው። ሦስተኛው የጎረቤት ሕንፃ ደረጃ ወጥቶ በሌላው በር መውረድ ነው። እዚህ ሰፈር በኖርኩበት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አጭሩን መንገድ የሄድኩት እሳቸው ሲታመሙ ብቻ ነበር።

እንዲህ ሆነው አልተወለዱም። በፈረንጆች 1991 ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን ከመጡት ናቸው። ዕብራይስጥ እንደነገሩ ከያዙ በኋላ ማድቢር ሆኑ፤ ማድቢር ማለት ተባይ አጥፊ ነው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ በኢንዱስትሪ ዞን መጋዘኖች ውስጥ እየተንበረከኩ ወጥመድ አጠመዱ፣ መርዝ አኖሩ። አንድ ቀን አሠሪያቸው ለኮርስ ላካቸው። አስተማሪው አንድ ፊልም አሳየ። በደቡብ አትላንቲክ፣ ጎፍ በምትባል ደሴት ላይ፣ ድሮ መርከበኞች ያደረሱት አይጥ አልባትሮስ የሚባለውን ትልቅ የባሕር ወፍ ጫጩት ከነነፍሱ ሲበላው አዩ። ጫጩቱ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

"መሸሽ አያውቅማ!" ይላሉ ሲናገሩት፣ ዛሬም ድምፃቸው ይሰበራል። "አባቱም እናቱም የሚሸሹት ነገር አይተው አያውቁም። ማን ያስተምረው?"

ባለቤታቸው እትዬ ደጅቱ ነገሩን በአጭሩ ነው የሚያስረዱት። "ለአንድ ቀን ኮርስ ብሎ ወጣ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሰም" ይላሉ።

የሐደራ ገበያ ውስጥ ዮአቭ የሚባል ቲማቲም ሻጭ አለ። አቶ ዘበነን ከሩቅ ሲያይ ሌላውን ሰልፈኛ ትቶ የሳቸውን ይመዝናል። አክብሮት እንዳይመስላችሁ! አንድ ጊዜ ጎረቤቱ የሸንኮራ ጭማቂ ሲሸጥ አይተው፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በዕብራይስጥ፣ የሃዋይን ጉዳይ አንስተውበት ነበር። የሸንኮራ እርሻ ባለቤቶች አይጥ ቢያስቸግራቸው ሙጭልጭላ አስመጥተው ለቀቁበት። "አሁን ስማ" አሉት። "አይጥ የምትወጣው ማታ፣ ሙጭልጭላ የምትወጣው ቀን። የቀን ፈረቃና የማታ ፈረቃ ሠራተኛ ማለት ነው፤ አንድ ፋብሪካ ይሠራሉ፣ አይተዋወቁም! ታዲያ ሙጭልጭላዋ ቀኑን ሙሉ ምን በላች? የወፍ እንቁላል!" ሰልፉ መንገድ ደረሰ። ዮአቭ እስከ ዛሬ የገባው "ሃዋይ" የሚለው ብቻ ነው።

የአቶ ዘበነ ተቀናቃኝ ደግሞ ምድር ቤት የሚኖሩት ወይዘሮ ብዙዬ ናቸው። ወይዘሮ ብዙዬ ሰባት የመንገድ ድመት ይቀልባሉ። አቶ ዘበነ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ቆም ይሉና፣ ስንት ደሴት ላይ ስንት ወፍ በድመት እንዳለቀ ይቆጥሩላቸዋል። አንድ ቀን ወይዘሮ ብዙዬ መረራቸው።

"መጀመሪያ ማን አመጣው፣ መጀመሪያ ማን አመጣው ይሉኛል። እኛንስ ማን አመጣን?"

አቶ ዘበነ ትንሽ አሰቡና፣ "እኛ በአውሮፕላን ነው የመጣን" አሉ። "የኔ ጉዳይ መርከብ ነው።"

እንግዲህ በዚህ ዓይነት ስንኖር፣ ዘንድሮ በግንቦት ጉድ መጣ። ሰፈራችን መግቢያ ላይ መኪና የሚዞርበት አደባባይ አለ፤ ኪካር እንለዋለን። መሃሉ ጠጠር ነው፣ ሁለት ቁጥቋጦና አንድ የውሃ ቱቦ አለው። የሰፈራችን አውቶቡስ ሾፌር ካሣሁን አንድ ጠዋት ሲዞር አንዲት ወፍ ጮኻ መስታወቱ ላይ ወረደችበት። ሲክሳክ ነበረች፤ ያቺ ጥቁር ቆብ፣ ነጭ ጉንጭና ረጅም እግር ያላት፣ እንቁላሏን መሬት ላይ የምትጥል ወፍ። ጠጠሩ ላይ አራት እንቁላል ጥላለች። ካሣሁን ደግሞ ሳያስብ ለአቶ ዘበነ ነገራቸው።

አቶ ዘበነ ኪካሩን ሦስት ጊዜ ዞሩት። "ዙሪያውን አስፋልት፣ መሃሉን ወፍ" አሉ። "እንግዲህ ደሴት ማለት ሌላ ምንድን ነው?" በዚያው ሰዓት የፕላስቲክ ወንበር አምጥተው ጠጠሩ ላይ ተከሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማዕረጋቸው ሊቀ ደሴት ሆነ፤ የሾምናቸው እኔና ካሣሁን ነን።

የመጀመሪያ ቀን ማምለጫ አጥቼ አጠገባቸው ሄድኩ። ስለ መርከብ ይጀምራሉ ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሃያ አራት ዓመት ገዳይ ነበርሁ ልጄ" አሉኝ። "ሥራዬ ነው፣ አላፍርበትም። ግን በእጄ ስር አንድ ነገር እንኳ ሲፈለፈል አላየሁም። እነዚህ አራቱ ብቻ በሰላም ይውጡልኝ፣ ሌላ አልፈልግም።" እጃቸውን ጨብጬ ሄድኩ።

ጥበቃው የመጋዘን ሥርዓት ነበረው። ማድቢሮች አይጥ በየት እንደምትመላለስ ለማወቅ ወለሉ ላይ ዱቄት ይነሰንሳሉ፣ ጠዋት ኮቴውን ያነባሉ። አቶ ዘበነም እንዲሁ ሊያደርጉ አሰቡ። ነገር ግን የስንዴ ዱቄት ነጭ ነው፣ ድመት ትጠራጠራለች አሉ። ጠይም የሆነ፣ አፈር የሚመስል ዱቄት ያስፈልጋል። ወይ ፍዳ! እትዬ ደጅቱ ለበዓል ያስቀመጡት፣ ከጎንደር ሰው ይዞላቸው የመጣ ጥቁር ጤፍ፣ ሁለት ኪሎው ጠጠር ላይ ተነሰነሰ። ደጅቱ ያን ሳምንት ለባላቸው ምግብ ያቀረቡት በዝምታ ነው።

በአምስተኛው ቀን ሐምሲኑ ገባ። ያ ከበረሃ የሚነፍሰው ሙቀት አስፋልቱን እንደ ምጣድ አጋለው። እናቲቱ ሲክሳክ እንቁላሎቿ ላይ መቀመጥ ተወች። ትነሳለች፣ ትጮኻለች፣ ትዞራለች፣ ልትቀመጥ ትልና እንደገና ትነሳለች። አራቱ እንቁላል ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። አቶ ዘበነ ፊታቸው አመድ ሆነ። "እየበሰሉ ነው" አሉ። "ድመት ነው የሚያስነሳት። የብዙዬ ድመት!"

ስለዚህ ችሎት ተሰየመ። ተከሳሿ ወይዘሮ ብዙዬ፣ ከሳሹም ዳኛውም አቶ ዘበነ፣ ምስክሮቹ እኔና ለዕረፍት አውቶቡሱን ያቆመው ካሣሁን ነን። ከኪካሩ ዳር ቆምን። አቶ ዘበነ በጣታቸው ዱቄቱን አመለከቱ። "ይመልከቱ ወይዘሮ ብዙዬ። ዱቄት አይዋሽም።"

ወይዘሮ ብዙዬ መነጽራቸውን አደረጉና ጎንበስ አሉ። ብዙ ቆዩ። እኔ ለድመቶቹ ፈራሁላቸው።

"ድመት አላይም" አሉ በመጨረሻ። "ይቺ ግን የኮሚቴዋ የሮኒት ሳንዳል ጫማ ናት። ይኼ ሰፊው የካሣሁን ጫማ ነው። ይኼ ቀዳዳ ቀዳዳው የምርኩዝ ነው፤ ከምኩራብ ሲመለሱ የመጡት ሽማግሌ ናቸው። ይቺ ደግሞ ያንቺ ናት" ብለው ወደኔ ዞሩ። "ይኼ ሁሉ ዙሪያውን የሞላው ሸበጥ ማን ነው ቢሉኝ፣ እርስዎ ነዎት።"

ሁላችንም ዱቄቱን አየን። እውነትም የሰው ኮቴ ብቻ ነበር፣ በላይ በላዩ ተደርቦ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሽማግሌ ሰው መንገድ ዳር ወንበር ላይ ተቀምጦ እያዩ ከማዶ እጅ አውለብልቦ ማለፍ የሚችል ከኛ ውስጥ ማን አለ? አንድም የለም። መሻገር አለ፣ ጎንበስ ብሎ መጨበጥ አለ፣ ትከሻ መግጨት አለ። "እንደምን አደሩ? ደህና ነዎት? እትዬ ደጅቱ ደህና ናቸው? ልጆች ደህና? ጉልበትዎስ?" ሁሉም ተራ በተራ ይጠየቃል፣ ሁሉም ተራ በተራ ይመለሳል። ሥራ የሚሄደው ይመጣል፣ ከሐኪም የሚመለሰው ይመጣል። ካሣሁን አውቶቡሱን አቁሞ ይወርዳል፤ እሱ ሲወርድ ተሳፋሪው ዝም ብሎ መቀመጥ ነውር መስሎት አብሮ ይወርዳል። የሕንፃችን ኮሚቴ ሮኒት ከኛ ወገን አይደለችም፤ ግን ሃያ ዓመት ከኛ ጋር ኖራ ተለክፋለች፣ እሷም ትከሻ ትገጫለች። ያቺ ወፍ በቀን ስድሳ ሰባ ጊዜ ከእንቁላሏ የምትነሳው ለሰላምታ ነበር።

ወይዘሮ ብዙዬ ወገባቸውን አቃኑ። "አቶ ዘበነ" አሉ፣ ሳይጮኹ። "ይህን ሁሉ እግር መጀመሪያ ማን አመጣው? እሱን ይንገሩኝ።"

ካሣሁን ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ ልስቅ ነበር፣ የአቶ ዘበነን ፊት ሳየው ሳቄ ጠፋ። ወንበራቸውን አዩ፣ ወፏን አዩ። ከጠርዙ ላይ አፏን ከፍታ ቆማለች። "እኔ ነኝ" አሉ። "እኔው ነኝ ያመጣሁት።" ወንበሩን አንስተው፣ የሚያገኙትን ሰው ሰላም ሳይሉ፣ ቤታቸው ገቡ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወፏ ሆዷን ከቱቦው በሚንጠባጠበው ውሃ አርሳ ተመልሳ ተቀመጠች። እንቁላሎቹ ይዳኑ አይዳኑ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

በማግስቱ በሬ ተንኳኳ። "ሚርፔሴትሽ ኪካሩን ያያል አይደል?" አሉ አቶ ዘበነ። ሚርፔሴት በረንዳ ነው። ያያል፤ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። ያንን ወንበር ይዘው ነው የመጡት። ዘጠኝ ዓመት የሸሸኋቸው ሰው ለሁለት ሳምንት ተኩል ቤቴ ገቡ!

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አድርገው ነበር። በካርቶን ላይ በአማርኛም በዕብራይስጥም ጽፈው ኪካሩ ማዶ ለጠፉ። "እዚህ ሰላምታ የለም። ማንም እንዳይሻገር። እኔንም ባያችሁኝ ጊዜ ዝም ብላችሁ እለፉ። ዘበነ።" መንገድ ላይ ቆመው የሰው ሰላምታ ሲቀበሉ ወፏ እንዳትነሳ ነው። ለኛ ሰው፣ ያውም ለሽማግሌ፣ "ሰላም አትበሉኝ" ማለት ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ከሱቅ ሲመለሱ ሰው ዓይኑን ሰብሮ ያልፋቸዋል። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ሆነው፣ "ዛሬ አንድም ሰው እንደምን አደርህ አላለኝም" አሉና ሳቅ ለማለት ሞከሩ።

ወሬው ምኩራብ ደረሰ። ዘበነ ከሰፈር ተኳርፏል ተባለ። ሁለት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን ለብሰው ለዕርቅ ቤቴ ድረስ መጡ። "ከማን ተጣላህ? ምን በደሉህ?" አሏቸው። አቶ ዘበነ አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽራቸውን ሰጧቸው። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ አዩ፣ "ይቺ ናት?" አሉ፣ ሁለት ሰዓት ተቀምጠው ሻይ ጠጡ፤ ሳውዝ ጆርጂያ በምትባል ደሴት ላይ ሰዎች በሄሊኮፕተር እየዞሩ አይጡን ሁሉ እንዴት እንዳጠፉና ወፎቹ እንዴት እንደተመለሱ ሙሉውን ሰምተው ሄዱ። ዕርቁ ተፈጸመ ተብሎ ተነገረ።

እኔም ሰማሁ፤ ምን ምርጫ አለኝ? ማክዋሪ ደሴት ላይ ድመቱን ሲያጠፉ ጥንቸሉ በዝቶ ሣሩን እንደጨረሰ፣ ከዚያ ጥንቸሉንም አይጡንም በአንድ ላይ ማጥፋት እንደነበረባቸው ሰማሁ። ኒውዚላንድ ጥንቸል አምጥተው፣ ጥንቸሉን ይብላ ብለው ሌላ በላተኛ እንዳመጡ፣ እሱም የማይበረውን ወፍ መብላት እንደቀለለው ሰማሁ። አንድ ማታ ሥራ ውዬ ደክሞኝ ስገባ ራሴን "ከዚያስ?" ስል አገኘሁት። ደነገጥኩ።

የሻቩኦት በዓል አልፎ በሁለተኛው ቀን ጠዋት አቶ ዘበነ ሲያጉረመርሙ አልሰማሁም። ወደ በረንዳው ወጣሁ። መነጽሩን ሰጡኝ። ከእናቲቱ ሆድ ስር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ጭራሮ እግር ያላቸው ነገሮች ብቅ ብቅ አሉ። አራቱም! ያ ሁሉ ፀሐይ አልጎዳቸውም። አቶ ዘበነ በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ግን የሲክሳክ ጫጩት ጎጆ ውስጥ አይቀመጥም። እናቲቱ ቀትር ሳይደርስ ከአስፋልቱ ማዶ ወዳለው ሜዳ ልትወስዳቸው ተነሳች። ካሣሁን በዚያው ሰዓት ይዞር ነበር፤ አውቶቡሱን መንገዱ ላይ አጋድሞ አቆመው። ከኋላው ያለው መኪና ጡሩንባውን ነፋ፣ ሮኒት ራሷን በመኪናው መስኮት አስገብታ የምትለውን አለችው፣ ጡሩንባውን ተወ። ወይዘሮ ብዙዬ ሰባቱን ድመት መታጠቢያ ቤት ቆልፈው፣ መጥረጊያቸውን እንደ ጦር ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ማንም አልተጠጋም። አቶ ዘበነ የበረንዳውን ብረት ጨብጠው፣ "አንድ... ሁለት... ሦስት..." ይላሉ። አራተኛው ጠርዙ ላይ ቀረ። እናቲቱ ከማዶ ትጣራለች፣ እሱ ቁልቁል ያያል።

"ውረድ በሉት" አልኩ።

"ማንም እንዳይነካው" አሉ። "ራሱ ይወቀው።"

ዘለለ፣ ተገለበጠ፣ ተነሳ፣ ሮጠ። ሜዳው ዋጣቸው።

ታች ያለው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ወደ በረንዳዬ አየ። ካርቶኑ አሁንም ተለጥፏል፣ ሰላምታ ክልክል ነው። ካሣሁን ቆቡን አወለቀ። ወይዘሮ ብዙዬ መጥረጊያቸውን ወደ ግድግዳው አስደገፉና ከወገባቸው ዝቅ አሉ። ከዚያ የአውቶቡሱ ተሳፋሪ፣ ሮኒት፣ ጡሩንባ የነፋው ሰውዬ ሳይቀር፣ ማንም ቃል ሳያወጣ ዝቅ አለ። አቶ ዘበነም ብረቱን ለቀው በረጅሙ ዝቅ አሉላቸው።

ወንበራቸውን ይዘው ከቤቴ ሄዱ። ሰፊ ቤት አገኘሁ፣ ጸጥታ አገኘሁ። በሦስተኛው ቀን ጸጥታው አላስቀምጥ አለኝ።

ትናንት ከሥራ ስመለስ ከአውቶቡስ ወረድኩ። ሦስቱም መንገድ ክፍት ነበር። አቶ ዘበነ አግዳሚው ወንበር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ባዶውን ኪካር ያያሉ። ተሻገርኩ፣ ጎንበስ ብዬ ጨበጥኳቸው፣ ትከሻ ገጨሁ። ስለ እትዬ ደጅቱ ጠየቅሁ፣ ስለ ጉልበታቸው ጠየቅሁ፣ አንዱንም አላስቀረሁም። ከዚያ፣

"ጋሼ" አልኩ፣ "እነዚያን የሳውዝ ጆርጂያ አይጦች፣ መጀመሪያ ማን አመጣቸው?"

አዩኝ። እያሾፍኩ እንደሆነ ብዙ አጠኑኝ። ከዚያ ገለል ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

"ቁጭ በይ" አሉ። "ይኼ ረጅም ነው።"

ተቀመጥኩ።